የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ዕቅድ አንድ ነበር፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ለአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፊዚክስና የሒሳብ መምህራንም እንዲያስተምሩበት ማድረግ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ «ልጆቹን ማውስ አስለምዱልን» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። ማውስ ቶሎ ይለመዳል፤ የኦም ሕግ ግን አይደለም።

ኢንተርኔት እስኪገባ አልተጠበቀም። 8 ጊጋ ራም ያለው አንድ ዴስክቶፕ ሰርቨር (ለሌሎቹ ፋይል የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ሆኖ ኮሊብሪ የተባለው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ሶፍትዌር ተጫነበት፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስም ተጨመረ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ በሚያገናኝ መሣሪያ) ተያይዘው በብሮውዘር ይከፍቱታል። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ቋሚ ካልተደረገ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ «አልከፍት አለኝ» ይላል። የኪዊክስ ፋይል ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ ፋት32 በሚባለው የቆየ ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም፣ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይዘንጋ።

ከጥገናው ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ጨለማ የሚሆን ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የራሙ ጥርስ አቧራ ይዞ ነው፦ ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸትና ቀጭ እስኪል መልሶ መጫን። ቀኑ በየጠዋቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች።

ከሁሉ የተሳካው የፊዚክስ ትምህርት ነበር። ፌት በሚባለው፣ የሳይንስ ሙከራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ሲሙሌሽን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሲሠራ ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ነው። ሁለተኛ አምፖል በፓራለል ሲጨመር የመጀመሪያው ምንም አይደበዝዝም፤ በእውነተኛ የድንጋይ ባትሪ ግን ይደበዝዛል። ተማሪው «የቱ ነው ውሸቱ?» ማለቱ አይቀርም፤ ትምህርቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሲሙሌሽኑ ሲከፈት የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ (ባትሪው ራሱ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚቃወምበት መጠን) ዜሮ ነው። 2 ኦም ሲደረግ አንድ አምፖል 7.5 ቮልት ያገኛል፤ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 6.4 ቮልት ይወርዳሉ። ተማሪዎቹ ግምታቸውን መጀመሪያ በደብተር ጽፈው ነው ማውስ የሚነኩት። ይህ ካልተደረገ ክፍለ ጊዜው አምፖል በማብራትና በማጥፋት ያልቃል። በአንድ ኮምፒውተር ከሦስት ልጅ በላይ ማስቀመጥም አይበጅም፤ አራተኛው ተመልካች ነው። ማውሱ በየ10 ደቂቃው እጅ ይቀይራል፣ አለዚያ ፈጣኑ ልጅ አይለቀውም።

በሒሳብ ጂኦጀብራ የተባለው ግራፍ የሚሥል ሶፍትዌር የኳድራቲክ ግራፍ ለማሳየት አገልግሏል፤ አንድ ፕሮጀክተር ይበቃዋል፣ ኮምፒውተር ክፍል መግባት እንኳ አያስፈልግም።

ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ የሚያቀርቡ ሁሉ በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ኮድ) ይተይቡ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ፎንት መቀየርም አይመልሰውም።

ለ2018 ዓ.ም. ክበቡ የሚጠይቀው አዲስ ኮምፒውተር አይደለም። ለሰርቨሩና ለስዊቹ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)፣ ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)፣ በር ላይ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ፣ ከፊዚክስ ዲፓርትመንት ደግሞ የየምዕራፉ መልመጃ ወረቀት ከክፍለ ጊዜው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ።