እማዬ፣ የጅቡ ተረት መጨረሻው ምን ነበር?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? አዲስ አበባ ብርዱ እንዳይጎዳሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጅማ ዝናቡ ዛሬም አላባራም፤ ቤቱ ግን አያፈስም።

ባለፈው ስትደውዪ «ሌሊቱን ሙሉ ምን ስታይ ነው የምታድረው?» ብለሽኝ «ፊልም» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ያ የማትወጂው ዓይነት ነው። ቢላ የያዘ ሰው ወጣቶችን እያደነ የሚገድልበት። ልጅ ሆኜ ቆጪ ካለ ቪዲዮ ቤት በጆሮዬ ጎትተሽ ያወጣሽኝ በዚሁ ምክንያት ነበር። «ደም ማየት ምኑ ደስ ይላል?» አልሽኝ። ስለ አብዛኞቹ ልክ ነሽ፤ ከደሙ በቀር ምንም የላቸውም።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። «ሃሎዊን» ይባላል። ጆን ካርፔንተር የሚባል አሜሪካዊ ነው የሠራው፤ የወጣውም በፈረንጆቹ 1978፣ በእኛ 1971 ዓ.ም. ነው። ሰው ይሞታል፣ አልዋሽሽም። ደም ግን እምብዛም አይታይም።

ታዲያ በምን ያስፈራል? በማስጠበቅ። ገዳዩ የሚከታተላት ልጅ በጠራራ ፀሐይ በመስኮት ወደ ጓሮ ታያለች። ሰውየው በተሰጣው ልብስ መሃል ቆሟል። ደግማ ስታይ የለም። ልብሱ ብቻ ነው ያለው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ካየሁት ጀምሮ ማታ ልብስ ማስገባት ትቻለሁ።

እዚህ ላይ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። መብራት ሲጠፋ የኩራዙን ክር ዝቅ አድርገሽ የጅቡን ተረት ታወሪልን ነበር። ያ ጅብ አንድ ቀን እንኳ ቤት ገብቶ አያውቅም። በሩ ጋ ሲደርስ ዝም ትያለሽ። ቡናሽን ፉት ትያለሽ። እኛ ጋቢ ውስጥ ተቃቅፈን «ከዛስ?» እንላለን። «እስቲ ስሙ» ትያለሽ። ይሄኔ አቮካዶው ቆርቆሮው ላይ ዱብ! እኛም ጩኸት በጩኸት። ካርፔንተር ካንቺ አይበልጥም፤ እሱ ሙዚቃ ስላለው ነው።

ሙዚቃውንም ራሱ ነው የደረሰው። አንዲት የፊልም ኩባንያ ሰው ሙዚቃው ሳይገባበት አይታው ምንም አላስፈራትም ነበር። ምቱ አምስት አምስት እየተቆጠረ ይሄዳል፤ እግርሽ ሊከተለው ሲል ያመልጠዋል። ይሄን ምት ልጅ ሆኖ በከበሮ ያስተማረው አባቱ ነው።

ደግሞ ገንዘብ የላቸውም። ወጪው 300,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ለፊልም ሰዎች የሻይ ገንዘብ በይው። የገዳዩን ጭምብል ሁለት ዶላር በማይሞላ ከሱቅ ገዙት። «ስታር ትሬክ» የሚባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ላይ ያለው የመርከብ አዛዥ ፊት ነበር። ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፤ ምንም ስሜት የሌለው ፊት ወጣው። ታሪኩ የሚሆነው ቅጠል በሚረግፍበት ወር ነው፤ የቀረጹት ግን ዛፉ ለምለም ሳለ። ስለዚህ የወረቀት ቅጠል ቀለም ቀብተው በተኑ። ቀርጸው ሲጨርሱ ለቅመው ለሌላ ቀን ያስቀምጡታል፤ አንቺ ፌስታል አጥበሽ እንደምታሰጪው።

መጨረሻው ላይ ገዳዩ በጥይት ተመትቶ ከፎቅ ይወድቃል። ወደ ታች ሲያዩ የለም። ከዚያ ካሜራው ባዶ ክፍሎችን በየተራ ያሳያል። ደረጃውን፣ ሳሎኑን። ሰው የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ትላንት እዚህ ስደርስ ዞር ብዬ ሳሎናችንን አየሁ። ባለ ሦስት እግር በርጩማሽ ባዶዋን ቆማለች። ረከቦቱ በነጠላ እንደሸፈንሽው ነው። ዱብ! አለ ቆርቆሮው። አቮካዶ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቴ ተነስቼ የጓሮውን በር አየሁ እንጂ።

ጠዋት ሰባት ለቀምኩ። ቅዳሜ ከቡናው ጋር በመኪና እልክልሻለሁ፤ ገና ጥሬ ናቸው፣ ዱቄት ውስጥ ቅበሪያቸው።

እስቲ ስትደውዪ ንገሪኝ፤ ጅቡ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ምን ሆነ? አንድ ቀን እንኳ ጨርሰሽልን አታውቂም።

ልጅሽ