ካሳዬ፣ 29 ዓመት ሲሞላህ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል፤ ብርዱ ነው። ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው ረቡዕ 29 ዓመት ሞላህ። እንኳን አደረሰህ ልንልህ ከጠዋት ጀምሮ ስንደውል ዋልን፤ ስልክህ አይሠራም። ቅዳሜ እህትህ ከዴንቨር ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ሥራህን ለቀሃል። ስልክህን ለመምህርህ አስረክበሃል። ተራራ ላይ እሱ ቤት ትኖራለህ፤ የምትበላው በቀን አንዴ ነው። ፎቶህንም ላከችልኝ። አንገትህ ቀጥኗል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ለእናትህ አላሳየኋትም። አንተም እንዳትነግራት።

አክስትህ ሐሙስ ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። በሶና ሽሮም አለ። ብላ።

በቡድሃ መንገድ ስለሄድክ አልቆጣህም። እነዚያን መጻሕፍት ከሳሎን መደርደሪያ አውርደህ ማንበብ ስትጀምር 15 ዓመትህ ነበር። ከዴልሂ በሻንጣ ተሸክሜ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እህትህ እንደነገረችኝ ሰውየው «እኔ ነቅቻለሁ» ይላል። ልጄ፣ ነቅቻለሁ ከሚልህ ሰው ራቅ።

ቃሉን አብረን እንየው። በእንግሊዝኛው «ኢንላይተንመንት» ውስጥ ብርሃን አለ። እኛም ያንን ተከትለን «አብርሆት» እንላለን። ሰው ይህን ሲሰማ ሰማይ የሚከፈት፣ ጭንቅላት ውስጥ መብራት ቦግ የሚል ይመስለዋል። የጥንቱ ቃል ግን «ቦዲ» ነው፤ መንቃት ማለት ነው። ቡድሃ ማለትም «የነቃው» ማለት ነው። እናንተ ልጆች «ነቄ» የምትሉት እንኳ ከአብርሆት ይልቅ ለዚህ ይቀርባል። የመንገዱ መጨረሻ የሚባለው ኒርቫና ደግሞ የእሳት መጥፋት ነው። ጋዙ ያለቀበት ኩራዝ እንዴት ድርግም እንደሚል ታውቃለህ። ሦስት እሳቶች አሉ፦ ስስት፣ ጥላቻና ድንቁርና። የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የነደደበት ሰው እንዴት ነቅቻለሁ ይላል? የሰው ልጅ ስልክ ነጥቆ የሚያስቀምጥ ሰው ምኑ ነው የጠፋው?

ለእህትህ «እሱም በዚህ ዕድሜው ነው ከቤቱ የወጣው» ብለሃታል አሉ። እውነት ነው፤ ሲድሃርታ፣ ኋላ ቡድሃ የተባለው፣ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሲወጣ 29 ዓመቱ ነበር። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገራት እንጂ። መጀመሪያ አላራ ካላማ የሚባል መምህር ዘንድ ሄደ። ቀጥሎ ኡዳካ ራማፑታ ዘንድ ሄደ። ሁለቱም ከባድ ተመስጦ አስተማሩት፤ ተማረና እኩል ሆነ። አንዱ «ና፣ ማኅበሩን አብረን እንምራ» አለው። ሌላው ጭራሽ መሪነቱን ሊሰጠው ፈለገ። ሁለቱንም ትቶ ሄደ። ደስ የሚል ጸጥታ ነበር ያገኘው፤ ከተመስጦው ሲወጣ ግን ጭንቀቱ እዚያው ይጠብቀዋል።

ከዚያ ራሱን በረሃብ ቀጣ። ሆዱን ሲዳስስ የጀርባ አጥንቱን ይጨብጥ እንደነበር የነገረን ራሱ ነው። ስድስት ዓመት ለፋ። በመጨረሻ ምን እንዳዳነው ታስታውሳለህ? ትዝታ ነው። ልጅ ሆኖ አባቱ ሥራ ላይ ሳሉ ዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ልቡ ያን ቀን እንዴት ረግቶ እንደነበር ትዝ አለው። «መንገዱ ይህ ይሆን?» አለ። ከዚያ ምግብ በላ። አብረውት የነበሩት አምስት ባሕታውያን ለሆዱ አደረ ብለው ጥለውት ሄዱ። ንቃቱን ያገኘው ከበላ በኋላ ነው ልጄ። ያንን ፎቶ ሳየው ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

በ35 ዓመቱ በኔራንጃራ ወንዝ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያች ሌሊት ያየው አራት እውነት ነው። ኑሮ ጎዶሎ ነው፣ ሥቃይ አለበት። ሥቃዩ መነሻ አለው፤ እሱም ጥማት ነው። ቃሉ ራሱ ጥማት ማለት ነው፤ የማይረካ። ጥማቱ ሲቆም ሥቃዩም ይቆማል። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድም አለ፣ ስምንት ነገር የያዘ። ከስምንቱ መካከል ትክክለኛ ንግግርና ትክክለኛ መተዳደሪያ አሉበት። ሰውን አለመዋሸትና በሐቅ ሠርቶ መብላት ማለት ነው። አንተ ግን ሥራ ለቀህ ቁጠባህን ለሰው ልትሰጥ ነው። እንዳትሰጥ። ምንም ወረቀት እንዳትፈርም።

አሁን ነግሬህ የማላውቀውን ልንገርህ።

ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ነው። ዴልሂ የማስተርስ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እህትህ ዳዴ ትላለች፤ እናትህ ብቻዋን ነበር የምታሳድጋት። ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ችግር ነበር። ፈተና ጨረስኩና ቡድሃ የነቃበት ዛፍ ወዳለበት ወደ ቦድጋያ ሄድኩ። ሌሊቱን በባቡር እስከ ጋያ፣ ከዚያ በሪክሾ። ዛፉን ሳየው ሆዴ ባባ፤ የእኛ ዋርካና ሾላ ዘመድ ነው። ከአሁኑ ዛፍ በፊት የነበረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ወድቋል፤ ሰው ግን ዛሬም ሥሩ ይሰግዳል። እዚያ አንድ ገዳም ውስጥ 10 ቀን የዝምታ ሱባኤ ገባሁ። የት እንደምሄድ ለማንም አልነገርኩም። ረስቼ አልነበረም። ማንም እንዳያገኘኝ ፈልጌ ነው።

በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የቡድሃ ደቀ መዝሙር የነበረውን የሶናን ታሪክ ነገሩን። ሶና እግሩ እስኪደማ ይተጋ ነበር፤ ምንም ጠብ አላለለትም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ቡድሃ ጠየቀው። «ቤትህ ሳለህ ቪና ትመታ አልነበር? አውታሩ ከመጠን በላይ ሲወጠር ድምፁ ያምራል?» «አያምርም» አለ። «ሲላላስ?» «ያኔም አያምርም» አለ። ሲቃኝ ብቻ ነው። እኔ የአባቴ በገና ትዝ አለኝ። በሁዳዴ ማታ ማታ ጆሯቸውን አስጠግተው አውታሩን ሲቃኙ፣ እኛ ልጆቹ ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ። ስመለስ አንድ ሁዳዴ ሙሉ አጠገባቸው እቀመጣለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ዴልሂ በገባሁ ማግሥት ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የአበሻ ተማሪ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ ታውቃለህ። አባቴ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነበር። ከአዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ነበር፤ ያለሁበትን የሚያውቅ ጠፋ። ታመው ተኝተው ስሜን ሲጠሩ እንደነበር እናቴ ኋላ ነገረችኝ። አፈር አላለበስኳቸውም። አገሬ ስገባ በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አውታሩ ላልቷል። እስከ ዛሬ አልቃኘሁትም።

ከዓመት በኋላ አንተ ተወለድክ። አያትህ «ካሳዬ» ብላ የጠራችህ ለዚህ ነው።

ሱባኤው መጥፎ ነበር አልልህም። እንደነዚያ ቀናት ጸጥ ያልኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ነገር ግን እኔ ጸጥ ባልኩበት ሰዓት ሌላ ሰው ይጠራኝ ነበር። ይህን ይዤ ነው 30 ዓመት የኖርኩት።

እንደ እኔ እንዳትሆን። ነቅቻለሁ ከሚል ሰውም ራቅ። ይህን የምልህ እኔ ብቻ መሰለህ? በመነኮሳቱ ሕግ ውስጥ ከማኅበር ለዘላለም የሚያስወጡ አራት ጥፋቶች አሉ። አራተኛው እያወቁ ሳይደርሱበት ደረስኩ ማለት ነው፤ ከነፍስ ግድያ ጋር ነው የተቆጠረው። እውነት ቢሆን እንኳ ላልመነኮሰ ሰው ማውራት ጥፋት ነው። አናንዳን አስብ። ለ25 ዓመት ቡድሃን አገለገለ፤ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ያዘ፤ መምህሩ እስኪሞት ድረስ ግን አልነቃም። የነቃው ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ ደክሞት ጋደም ሊል ሲል ነው። እግሩ ከመሬት ተነሥቷል፣ ራሱ ትራስ አልነካም። በዚያች መሀል ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንን ለመምህርህ አንብብለት። ቡድሃ ከነቃ በኋላ ወዳደገበት ከተማ ወደ ካፒላቫስቱ ተመለሰ። ልጁ ራሁላ «ርስቴን ስጠኝ» እያለ ተከተለው፤ ትንሽ ልጅ ነው። አመነኮሱት። አያቱ ሱድሆዳና፣ የቡድሃ አባት፣ ሲሰሙ መጡ። «አንተ ስትሄድ ሕመሜ ትንሽ አልነበረም፤ ወንድምህ ናንዳ ሲሄድም እንዲሁ። በራሁላ ግን ባሰብኝ» አሉት። የልጅ ፍቅር ቆዳን ይቆርጣል፣ ሥጋን ይቆርጣል፣ ጅማትን፣ አጥንትን ቆርጦ መቅኔ ድረስ ይገባል አሉት። ወላጅ ሳይፈቅድ ልጅ እንዳይመነኩስ ለመኑ። ቡድሃም እሺ አለ፤ ሕግ አደረገው። እስከ ዛሬ ሊመነኩስ የሚቀርብ ሰው «አባትና እናትህ ፈቅደዋል?» ተብሎ ይጠየቃል።

መምህርህ ጠይቆሃል? እኔን የጠየቀኝ የለም።

ና ብዬ አላስገድድህም፤ ትልቅ ሰው ነህ። መቀመጥህን አትተው፣ መተንፈስህን ተመልከት፣ ማንበብህን ቀጥል። ግን ስልክህን ዛሬውኑ ተቀበል። እምቢ ካለ ራሱ መልስ ሰጥቶሃል፤ እህትህ መኪና ይዛ ትመጣለች፣ ተነጋግረናል። የአስም መድኃኒትህን ከኪስህ አትለይ፤ ተራራው ቀዝቃዛ ነው። የሥራ አለቃህን አናግረው፤ በጥሩ ሁኔታ ከተለያያችሁ ሊመልስህ ይችላል። እናትህ «ማተቡን አውልቆታል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትቀመጣለች። ደውልላት። ስለ እኔ ደብዳቤ አታንሣ፤ ስለ ጉልበቷ ጠይቃት።

በፖስታው ውስጥ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ቅጠል አለ። ከቦድጋያው ዛፍ ሥር ያነሣሁት ነው፤ 30 ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ኖሯል። በጣም ደርቋልና ስትከፍተው ቀስ በል።

አባትህ