ሐውልቱን ትተን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ ጉልበቴን ይዞታል። ይህን ያህል ዘመን ማን ቀድሞ እንደ ጠፋ አንመርምር፤ ጉዳይ ስላለኝ እኔ ልጀምር።

የታሪክ መምህራችን ማረፋቸውን ሳትሰማ አትቀርም። ነፍሳቸውን ይማር። አርባቸው ካለፈ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበን ገንዘብ አዋጣን። አብዛኛው ሰው ሐውልት እናቁምላቸው አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ስማቸውን በእብነ በረድ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ገንዘቡ ቋሚ ፈንድ ይሁን፣ ዋናው ሳይነካ በሚያስገኘው ገቢ የአካባቢያችንን ቅርስ አጠባበቅ እናስተምርበት ብዬ ተከራከርኩ። ሐውልቱ ቀረ። ያኮረፉኝ ግን እስካሁን አልታረቁኝም።

ልጆቻችን የሊቼን ስምምነት ለፈተና ይሸመድዳሉ፦ 1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ። ሊቼ ግን እዚሁ አፍንጫቸው ሥር መሆኗን ስነግራቸው ይስቁብኛል። አንጎለላና አልዩ አምባማ ጭራሽ የሌላ አገር ስም ይመስላቸዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የግንቡ ነገር ነው። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ የጥንት የድንጋይ አጥር፣ ደግ ሰዎች እናድሰው ብለው በሲሚንቶ ለበጡት። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ውኃውን ጠጥቶ መልሶ ማውጣት አለበት፤ ሲሚንቶው አፈነው። ክረምቱ ሲወጣ ሄጄ ባየው ልባጡ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። በዚያው ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ። ጭዱን ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው፣ በእግራቸው ረግጠው፣ እስኪቦካ አሳድረው ነው የሚመርጉት። የጠየቃቸው ግን የለም። ከፈንዱ ገቢ የመጀመሪያው ብር ለእሳቸውና ከሥራቸው ለሚማሩ ወጣቶች እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ለምን በቀጥታ አንጠግንም ትለኝ ይሆናል። የቅርስ ጥገና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደግሞስ ፈቃዱ ቢገኝ ማን ይሠራዋል?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት፣ ማለትም በቋሚ ፈንድ ገቢ የሚሠራ ድርጅት፣ ሆነን ለመመዝገብ አስበናል። አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ እኔ ከዚያም ቢያንስ ደስ ይለኛል። ለገንዘብ ያዥነቱ አንተን ነው ያጨሁህ። የዕድር ገንዘብ ያዥ እንዴት እንደሚታማ ስለምታውቅ እንደምትሸሽ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ሒሳብ አዋቂ ከመካከላችን አንተ ብቻ ነህ።

የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ስለ ወለዱ የሚናገረውን አንቀጽ አስቀድመህ እይልኝ። የባንክ ወለድ የኑሮ ውድነቱን አይደርስበትምና፣ ከየዓመቱ ገቢ ምን ያህሉ ወደ ዋናው ገንዘብ ይመለስ? እኔ ሲሶው ብያለሁ፤ ሌሎቹ በዛ ይላሉ። ጉባኤው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ መልስህን ከዚያ በፊት ላክልኝ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ብርሃን