ቅሬታ፦ ባላስትና ኢግናይተሩ ሳይወጣ ስለተገጠሙት የመንገድ መብራቶች

ለመብራት ቅየራ ሥራው ተቋራጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ድርጅትዎ የሰፈራችንን የሶዲየም የመንገድ መብራት አምፖሎች በኤልኢዲ ሲቀይር የአሮጌውን መብራት ዕቃዎች፣ ማለትም ከረንት የሚገድበውን ባላስትና አምፖሉን የሚያስነሳውን ኢግናይተር፣ ከፋኖሱ (አምፖሉን ከያዘው ቤት) አላወጣም፤ አንዳንዶቹም ከወዲሁ ጠፍተዋል። የቀረው የሥራው ዝርዝር በውሉ ላይ ስላለ እዚህ አንደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን የሐሙሱ ቀጠሮ ነው።

የሳይት ኃላፊዎ በስልክ «ሐሙስ ጠዋት ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ፤ ፋኖሶቹን ከናንተ ጋር እንከፍታለን፤ ባላስቱንም ኢግናይተሩንም አውጥተን 220 ቮልቱን በቀጥታ ለአምፖሉ እንሰጣለን» ብለው ቃል ገቡ። የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። መሰላል አልያዙም፣ ቴስተር አልያዙም፣ አብሯቸው የመጣም ባለሙያ የለም። የኮሚቴው ኤሌክትሪሺያን ከጠፉት ፋኖሶች አንዱን አውርዶ ፊታቸው ከፈተው። ባላስቱ፣ ኢግናይተሩና ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) እንደ ድሮው ተገናኝተው ተቀምጠዋል፤ የተቀየረው አምፖሉ ብቻ ነው። ኃላፊዎ አይተው «ሌሎቹ ይበራሉ አይደል እንዴ? የሚበራን ነገር ምን ያስነካካችኋል?» አሉ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እስከ መቼ ነው የሚበሩት?» ብለው በእርጋታ ቢጠይቋቸው፣ «አባባ፣ ይሄ እርስዎ የሚገባዎት ነገር አይደለም» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

እንግዲህ ለእርስዎም ለኃላፊዎም የሚገባውን በዝርዝር እንጻፍ።

የሶዲየም አምፖል ለመነሳት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቮልት የሚደርስ ምት ይፈልጋል። ያንን የሚሰጠው ኢግናይተሩ ነው። ሶዲየሙ ከበራ በኋላ በአምፖሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 100 ገደማ ስለሚወርድ ኢግናይተሩ ያርፋል። ኤልኢዲ ግን ቮልቴጁን አያወርድም፤ ስለዚህ ኢግናይተሩ «አምፖሉ ገና አልተነሳም» ብሎ እስኪነጋ ሲመታ ያድራል። በድራይቨሩ (ኤልኢዲውን በሚመግበው ክፍል) ውስጥ ያለው ቫሪስተር፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የሚውጠው ዕቃ፣ ምቱን እየተቀበለ ይደክማል፤ እሱ ሲያልቅ ድራይቨሩ ይቃጠላል። የወረደው አምፖል ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው፤ ቫሪስተሩ ተሰንጥቆ ጠቁሯል፣ የኤልኢዲ ቺፖቹ ግን ደህና ናቸው። «የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው» የሚለውን ምላሻችሁን የማንቀበለው ለዚህ ነው።

ካፓሲተሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ለ250 ዋት ሶዲየም የሚገጠመው 32 ማይክሮፋራድ ገደማ ነው። በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ብቻውን 2.2 አምፔር ያህል ይስባል፤ ባለ 100 ዋቱ ኤልኢዲ ግን ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ሶዲየሙ ሳለ ይህን የካፓሲተር ከረንት የባላስቱ ከረንት ያጣፋው ነበር፤ አሁን የሚያጣፋው የለም። በአንድ ፌዝ ላይ 20 ፋኖስ ካለ ሽቦው 44 አምፔር ያህል በከንቱ ይሸከማል። ፎቶሴሉ (ጨለማን ለይቶ መብራቱን የሚያበራው ዕቃ) ምሽት ላይ መስመሩን ሲያስገባ እነዚያ ሁሉ ባዶ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ስለሚሞሉ የኮንታክተሩ (መስመሩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትልቅ ማብሪያ) ነጥቦች ይጣበቃሉ። መብራቱ ቀን ሙሉ ሲበራ የሚውልበት መስመር አለ ብለን ስናመለክት «ፎቶሴሉን አጽዱት» ነበር ያላችሁን። ፎቶሴሉ ንጹሕ ነው፤ የተጣበቀው ኮንታክተሩ ነው፣ ከፍተን አይተነዋል።

ትክክለኛው አሠራር ለአንድ ፋኖስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ብሬከሩ ይጠፋል፣ በቴስተር ይረጋገጣል፣ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ሦስቱም ዕቃዎች ይወጣሉ። ፌዙ ወደ ኢ-40 (ትልቁ ባለ ጥርስ) ሶኬቱ የመሃል ነጥብ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥርሱ፣ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ወደ ፋኖሱ አካል ይገባል። ውስጡ ባላስት እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍበታል፤ ነገ ሌላ ሠራተኛ ሶዲየም እንዳይገጥምበት።

ይህን ለመጠየቅ ብቻ ተነሥተን ነበር፤ ነገር ግን ፋኖሱ ከተከፈተ በኋላ ያየነውን ማለፍ አልቻልንም። የፋኖሱ መስታወት ያረፈበት ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ያስገባል። አንጸባራቂው የተሠራው ለቀጭኑ የሶዲየም ቱቦ ስለሆነ ወፍራሙ የኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑን በትክክል አያስተኛም፤ ከፖሉ ሥር ያንጸባርቃል፣ በሁለት ፖሎች መካከል ጨለማ ይተዋል። አምፖሉ ከሶዲየሙ ይከብዳል፤ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚገባው ከባድ መኪና መንገዱን ሲያናውጠው ከሶኬቱ እየላላ ነጥቡን ያቃጥላል። በተዘጋ ፋኖስ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው የድራይቨሩ ዕድሜ ያጥራል። ቀለሙም 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ) ይሆናል የተባለው 6500 (ቀዝቃዛ ነጭ) ሆኖ ተገጥሟል፤ የሾፌር ዓይን ይወጋል።

በዚያ ላይ የፖሎቹ በር ክዳን ሳይታሰር ተትቷል፤ ሕፃናት እጃቸውን የሚያስገቡበት ቁመት ላይ ነው። የተነቀሉት የሶዲየም አምፖሎች ቦርከና ዳር ተጥለዋል። ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ፤ ወንዙ ከብት የሚጠጣበት፣ አትክልት የሚለማበት ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምንጠይቀው፣ በመጀመሪያ ባላስት፣ ኢግናይተርና ካፓሲተር ከሁሉም ፋኖስ ባለሙያችን ባለበት እንዲወጣ፣ የተጣበቀው ኮንታክተር እንዲቀየር፣ የፖሎቹ በሮችም ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲታሰሩ ነው። አምፖሎቹ የተጣሉበት ቦታ በእናንተ ወጪ ይጽዳ። የፋኖሱን ሁኔታ ካየን በኋላ ግን ይህ ብቻ አይበቃንም፤ በአሮጌው ፋኖስ ፈንታ ሙሉ የኤልኢዲ ፋኖስ እንዲገጠም እንጠይቃለን፤ አይፒ66 (አቧራና ውሃ የማያስገባ)፣ 3000 ኬልቪን፣ የ10 ኪሎ ቮልት ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ምት) መከላከያ ያለው፣ ኧርዙ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ የተሰጠበት፣ የ5 ዓመት ዋስትና ያለው። ይህ እስኪሆን ቀሪውን ክፍያ አንፈርምም። እስከ መጪው ዓርብ የጽሑፍ ምላሽ ካልደረሰን የወረደውን ፋኖስ ከነዕቃው ይዘን ለማዘጋጃ ቤቱ እናመለክታለን።

የሳይት ኃላፊዎም መጥተው እኚያን ሽማግሌ ይቅርታ ይጠይቁልን። የጠየቁት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መልስ ይገባቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈሩ የመንገድ መብራት ኮሚቴ

ግልባጭ፦
ለከተማው ማዘጋጃ ቤት
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት