ስለ ሮታ ጠብታው ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለሰዓዳ፣

እንዴት ነሽ እታለም? እማማ ዘሃራስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐይቅም ደህና ናት። ደሴ መጥተሽ ሳንገናኝ ሄድሽ ብዬ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ለቆኛል።

የእህትሽ ልጅ ተከትባ ሳለ በተቅማጥ ተኛች፣ «ታዲያ ጠብታው ምን ሠራ?» ብለሽኝ ነበር። አብሽሪ፣ ተቅማጥ ሁሉ ሮታ፣ ማለትም ጠብታው የሚከላከለው ቫይረስ ያመጣው አይደለም። ሮታም ቢሆን ክትባቱ ሁሌ አይዝም።

ይሄ ክትባት እንደ መርፌው አይደለም። የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው፤ አንጀት ገብቶ ትንሽ ካልተራባ ሰውነት አይለምደውም። ባለፈው ሰኞ ለአንዱ ሕፃን ጉንጩ ውስጥ ስጨምቅለት ፊቱን አጨማዶ በምላሱ ሊገፋው ታገለ፤ እናቱ በሳቅ ሞተች። ከዋጠው በኋላ ያለው ትግል ግን ይብሳል። አንጀቱ ገና በስድስት ሳምንቱ በባክቴሪያ ተሞልቷል፤ የክትባቱ ቫይረስ እዚያ መሃል ነው መራባት ያለበት።

ጋና ውስጥ የሕፃናት ሰገራ ተመርምሮ (ምሳ ላይ እንዳታነቢው!) ክትባቱ የያዘላቸው ልጆች የአንጀት ባክቴሪያ የሆላንድ ሕፃናትን ይመስል ነበር። ካልያዘላቸው ይልቅ ማለቴ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ባክቴሪያ ላይ አልጭንም። የእናት ጡት የሚሰጠው መከላከያ (የክትባቱንም ቫይረስ ሊገታው ስለሚችል)፣ በንጽሕና ጉድለት የተጎዳ አንጀት፣ አብሮ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ፣ ሁሉም እጃቸው አለበት።

ባክቴሪያውን በአንቲባዮቲክ ጠርጎ መከተብስ? ሕንድ ውስጥ ከፖሊዮ ጠብታ በፊት አዚትሮማይሲን ሰጥተው አይተውታል። ጎጂው ባክቴሪያ ቀነሰ፣ ክትባቱ ግን አልተሻለም። በክትባቱ ሰዓት ጡት ማዘግየትም ተሞክሮ አልጠቀመም። እና ፋርማሲ ልሩጥ የሚል ዘመድ ካለሽ ያዥልኝ።

ደግሞ «አይረባም» እንዳትዪ። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ክትባቱ ከባዱን የሮታ ተቅማጥ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ፣ በማላዊ ግን 49 በመቶ ያህል ነበር የቀነሰው። ከ100 የተከተቡ ልጆች ክትባቱ በዓመት ያስቀረው ከባድ ሕመም ሲቆጠር ግን ማላዊ 6.7፣ ደቡብ አፍሪካ 4.2 ሆነ። ማላዊ በሽታው ስለሚበዛ ያ ግማሽ መከላከያ ብዙ ልጅ ያተርፋል። እኛም ጋ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

እህትሽ የ10 ሳምንቱን ጠብታ አስጨርሳ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ የክትባት ካርዷን በስልክ አንስታ ትላክልኝ። ተቅማጡ ከተመለሰ ኦ አር ኤስና ዚንክ ትስጣት፣ ጡትም እንዳታቋርጥ። ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጥባት ካቃታት ቶሎ ጤና ጣቢያ ትውሰዳት።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው ዘነበች