የስፖርት ክፍለ ጊዜ ተራ መጠበቂያ ሆኗል፦ ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ባልደረባዬ ሲያስተምር ዳር ቁጭ ብዬ አንዲት ተማሪን ብቻ ስከታተል ዋልኩ። ስትንቀሳቀስ ስቶፕዎቼን አስነሳለሁ፤ ስትቆም አቆማለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነበር። ደወሉ ሲደወል ሰዓቴ ላይ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ስም ሲጠራ ቆመች። መምህሩ ሲያስረዳ ቆመች። ከዚያ ተሰልፋ ተራዋን ጠበቀች፤ ኳሷን አንዴ መታችና ተመልሳ ከሰልፉ ኋላ ቆመች። በማግስቱ የራሴን ክፍል በዚያው ዓይን አየሁት። ያው ነው። በጣም አዘንኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ድርጅቱ በእ.ኤ.አ. 2016 መረጃ እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ 81 በመቶው እዚያ አይደርሱም። በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይህን ሁሉ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ግን ብዙ ልጅ እንቅስቃሴን የሚወደው ወይም ጨርሶ የሚጠላው እኛ ጋ ነው።

እንዲጠሉት የምናደርገውም እኛው ነን። ያረፈደውን «ሁለት ዙር ሩጥ» እንላለን። የረበሸውን ፑሽ አፕ እናሠራለን። ሩጫን ቅጣት አድርገን አስተምረን ስናበቃ ለምን ይፎርፋሉ ብለን እንገረማለን። «የተነካ ይውጣ» የሚባለው ጨዋታም አለ። መጀመሪያ የሚወጣው ከሁሉም በላይ መሮጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ዳር ቆሞ ያያል።

ፈተናው ደግሞ ይብሳል። የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ ራሱ ጥሩ መለኪያ ነው። ክፉው አጠቃቀማችን ነው። እኩያ የሆኑ ሁለት የ13 ዓመት ልጆችን ያስቡ፤ አንዱ ቁመቱ ረዝሟል፣ ሌላው ገና ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ስናወዳድር ከጥረታቸው ይልቅ የእድገታቸውን ፍጥነት ነው የምንለካው። ያውም ክፍሉ ሁሉ እያየ። ልጁ መወዳደር ያለበት በዓመቱ መጀመሪያ ካስመዘገበው ከራሱ ውጤት ጋር ነው። ውጤቱም በእሱና በመምህሩ መካከል ይቅር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ አቅርበው ነበር፦ መጀመሪያ ቀለል ያለ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ልጆቹ «አሁን ለማን ላቀብል?» ብለው ሲቸገሩ ክህሎቱ። እኔም ሞከርኩት። ሜዳውን በቆርኪ ምልክት ከፋፍዬ ሦስት ለሦስት አጫወትኳቸው። ሰልፍ ቀረ። ዳር መቆም የለመዱት ሳይቀሩ ላብ በላብ ሆኑ። የቅብብል ልምምዱንም ራሳቸው ጠየቁኝ።

ከእርስዎ የምለምነው ይህን ነው። ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ የዕለት ዕቅድ ተሞልቷል ወይ ብለው ብቻ አይሂዱ፤ ተማሪው ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሰ ብለው ይጠይቁ። ባለሙያዎች በብዛት የሚመክሩት ቢያንስ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ነው። ለመምህራን ሜዳ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ይዘጋጅልን፤ አዳራሽ ውስጥ በስላይድ የሚያልቀው አልጠቀመንም። ለአንድ ክፍል አንድ ኳስ አይበቃም። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜያችን ለሒሳብ ማካካሻ መሰጠቱም ይቁም።

አንድ ቀን ሳያስታውቁ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ብቅ ይበሉ። ከሰልፉ ኋላ ካሉት አንድ ልጅ ይምረጡና ሰዓት ይያዙለት። ያገኙትን ቁጥር በሚቀጥለው ስብሰባዎ ላይ ይንገሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር