ለአባቴ፦ አዲስ ማሽን ሲመጣ የሠራተኛው ዕጣ

ከባሕር ዳር
ለተከበሩ አባቴ፣ ዘጌ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። በጀልባ የላኩልን ቡና ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለፈው በስልክ «በእኛ ጊዜ ማሽን ሲመጣ ሰው ይቀጠር ነበር፤ ዛሬ ማሽን ሲመጣ ሰው የሚቀነሰው ለምንድን ነው? መንግሥትስ ለዚህ ምን አዘጋጅቷል?» ብለው የጠየቁኝ ስለ እኅቴ ተጨንቀው መሆኑ ገብቶኛል። ጥያቄው በጥድፊያ የሚመለስ አይደለም፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ሥራዬም ከእነዚህ ሕጎች ጋር ስለሚያገናኘኝ፣ የማውቀውንና የማምንበትን በጽሑፍ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

እንደሚያውቁት እኅቴ በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ሆና 15 ዓመት አገልግላለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የስልክ መተግበሪያዎችም ከተስፋፉ ወዲህ፣ በእርሷ መስኮት ፊት ይሰለፍ የነበረው ደንበኛ ከቤቱ ሆኖ መክፈልን ለመደ። ድርጅቱም የመስኮቶቹን ቁጥር እንደሚቀንስ ለሠራተኞቹ አሳውቋል። ለደንበኛው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ድርጅቱም ወጪ ይቀንስለታል። የሁለቱ ጥቅም የሚያስከትለው ጉዳት ግን ተሰብስቦ በጥቂት ሠራተኞች ላይ ይወድቃል፤ የመንግሥት ፖሊሲ ሊገባ የሚገባውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የእርስዎን ዘመን ሳስበው፣ የማሽኑ መምጣት ሥራ የፈጠረው በማሽኑ ዙሪያ ሌላ ዝግጅት ስለነበረ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1950ዎቹ ሲቋቋም፣ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ኃይል መስጠት ጀመረ። ማሽኑ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኃይልና ማሽኑን የሚያውቅ ባለሙያ የሚወጣበት ትምህርት ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ ከተማ ተገናኙ። እርስዎ ሽመና ክፍል ሲገቡ አጠገብዎ ቆሞ የሚያሳይዎ ነባር ሠራተኛ ነበር፤ ማሽኑ ሲበላሽ ደግሞ ከፖሊ የወጡት ልጆች ነበሩ። በእርግጥ ያን ጊዜም የተጎዳ አልነበረም አልልም። በእንዝርት ትፈትል የነበረችው ሴትና በእጁ ይሸምን የነበረው ሸማኔ ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር ገበያ ሲሻሙ፣ እነርሱስ ወዴት ይግቡ ብሎ የጠየቀ ስለመኖሩ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ በእነርሱ ቦታ የቆመችው እኅቴ ናት።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን በአዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ከዚያም በ377/1996፣ በመጨረሻም አሁን በሥራ ላይ ባለው በ1156/2011 ተሻሽሏል። አዋጁ ነገሩን አልዘነጋውም፤ ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ መለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባት የሥራ ውልን በማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት መሆኑን በአንቀጽ 28 በግልጽ ይናገራል። ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 በመቶው፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው የሚሰናበት ከሆነ፣ ነገሩ የሠራተኛ ቅነሳ ተብሎ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት፤ ለሚቀነሰውም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለሚሰናበት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። በዚህ ስሌት እኅቴ በቅነሳ ብትሰናበት የ230 ቀን ደመወዝ ይደርሳታል። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ተጠንቅቃ ከያዘችው ቤቷን ለወራት ያቆምላታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቅነሳ ሲደረግ በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጣቸው የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያላቸው ሠራተኞች ናቸው። ይህ ለድርጅቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አዲሱን አሠራር የመማር ዕድል ያላገኘ ሠራተኛ በችሎታ ሲመዘን መውደቁ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሥልጠና በአዋጁ በዚያው አንቀጽ 28 ተጠቅሷል፤ የተጠቀሰው ግን አሠሪው ያዘጋጀውን የማሻሻያ ሥልጠና አልቀበልም ያለ፣ ወይም ሠልጥኖ አስፈላጊውን ችሎታ ያላገኘ ሠራተኛ ሊሰናበት እንደሚችል ለመናገር ነው። ሠራተኛው ሥልጠናን እምቢ ቢል ቅጣት አለው፤ አሠሪው ሳያሠለጥን ቢቀንስስ? እኔ ሕግ አውጪ ብሆን ከሁሉ በፊት የምለውጠው ይህን ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ለማስገባት የወሰነ ድርጅት ውሳኔውን ለሠራተኛው የሚነግረው መስኮቱን ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው መሆን የለበትም፤ ማሽኑን ወይም ሶፍትዌሩን ሲገዛ ይንገረው፤ በመካከል ያለው ጊዜም የመማሪያ ጊዜ ይሁን። ሁለት ወር ሌላ ሥራ ለመፈለግ እንኳ ያጥራል።

ወጪውን ማን ይችላል የሚለው ከባድ ጥያቄ መሆኑን አልክድም፤ ድሃ አገር ነን። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረችው መርሐ ግብር ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ዜጎቿ ለሥልጠና ብቻ የሚውል 500 የሲንጋፖር ዶላር ሰጥታለች፤ በ2024 ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሌላ 4,000 ጨምራለች። የገንዘቡን መጠን መከተል አንችልም። ልብ እንድንለው የምፈልገው፣ የሥልጠናው ገንዘብ ሠራተኛው የትም ቢሄድ አብሮት የሚሄድ መሆኑንና ዕድሜው የገፋው ሠራተኛ ይበልጥ የታሰበለት መሆኑን ነው።

በእኛም አገር የተሠራ ነገር አለ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሟል፤ ሥራና ክህሎት በአንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው ተገቢ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተርና የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ፤ መስመር የሌለው ሰው በኢንተርኔት ተማር ቢባል ከምን ይማራል?

ለእኅቴ ይበልጥ የሚጠቅማት የሙያ ብቃት ምዘናው ነው ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡ ሲ.ኦ.ሲ. የሚለው ማለቴ ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ምዘናው የተዘረጋው ሙያን በመደበኛ ትምህርት ቤት ለተማረ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ላይ የተማረም ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። እርስዎ የሽመና ማሽን ድምፁን ሰምተው ምን እንደጎደለው ያውቁ ነበር፤ ይህን ዕውቀት የሚመሰክር ወረቀት ግን ሳይኖርዎ ጡረታ ወጡ። እኅቴ የሒሳብ ሥራ ችሎታዋን አስመዝና በእጇ ብትይዘው፣ በሌላ ድርጅት በር ላይ ያለፈችው 15 ዓመት እንዳልነበረ አይቆጠርባትም።

ስለ ጡረታዋ የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ በጡረታ የተሸፈነው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ እርሷ ይህን ስላለፈች የተዋጣላት አይጠፋም፤ ሌላ ድርጅት ብትቀጠርም አገልግሎቷ ይቀጥላል። ባጃጅ ለሚነዳው ወይም በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ለሚያሽከረክረው ሰው ግን አሠሪና ደመወዝ ስለሌለው መዋጮው በዚህ መንገድ አይሰበሰብለትም። ከመስኮት የሚወጣው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደዚያ መሆኑን ሳስብ፣ ይህም መታረም ያለበት ትልቅ ክፍተት ሆኖ ይታየኛል።

አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እኅቴ «ዕድሜዬ አልፏል፣ ከልጆች ጋር ተቀምጬ አልማርም» ትላለች። ድርጅቱ ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ ካለ እምቢ እንዳትል፣ አንቀጽ 28ን አስታውሰው እርስዎ ይንገሯት፤ ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ቃል ትሰማለች። የሥራ ውሏንና የደመወዝ ማስረጃዋን ቅጂ እኔ እሰበስባለሁ፤ የብቃት ምዘናው ምዝገባ መቼ እንደሚከፈትም ጠይቄ አሳውቃታለሁ። የሚቻልዎ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሳይደርሳት ወደ ባሕር ዳር ብቅ ብለው ፊት ለፊት ብታነጋግሯት ደስ ይለኛል፤ የጀልባውን መነሻ ሰዓት በስልክ ብቻ ይንገሩኝ፣ ወደቡ ላይ እቀበልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ